‹ነጌቲቭ ነው› ከተባለ በኋላ

ከነፋስ መውጫ ተነስቶ በክምር ድንጋይና በጋሳይ አድርጎ ደብረ ታቦር የሚገባው መንገድ የጉናን ተራራ እየታከከ ያልፋል። በዚህ መንገድ ማለዳ የተሳፈረ አንድ ልጅ እናስብ። ዕድሜው 14 ዓመት ነው፤ ቁመቱን ያየ ግን ከ10 በላይ አይሰጠውም። እናቱ ጉልበቷ ላይ ባስቀመጠችው ፌስታል ውስጥ የአራት ዓመት ወረቀት ተጠራቅሟል፦ ከጤና ጣቢያ የተጻፉ የመድኃኒት ማዘዣዎች፣ ጠርዙ የተላጠ የኤክስሬይ ፊልም፣ በመታጠፍ ብዛት መሐሉ የተቀደደ የላቦራቶሪ ውጤት። በየቀናቸው ደርድሮ ያነበባቸው ሰው የሚያገኘው ይህን ነው፦ የሳንባ ምች፣ ጆሮው መግል ይፈሳል፣ የሳንባ ምች፣ ሳይነስ፣ ተኝቶ የታከመ የሳንባ ምች፣ እንደገና ጆሮ። በአንዱ ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ኤች አይ ቪ፦ ነጌቲቭ» ተብሏል። ልጁን የሣልኩት ለክርክሬ ስል ነው፤ ስምና አድራሻ የለውም። ፌስታሉን ግን በሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል በር ላይ ተራ የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል።

የእንዲህ ዓይነት ልጅ ቤተሰብ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ስፔሻሊስቱ የት ነው ያለው? መልሱ ብዙውን ጊዜ የከተማ ስም ይሆናል። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አዲስ አበባ፤ ውጭ አገር ዘመድ ላለው ደግሞ ሕንድ ወይም ታይላንድ። እኔ የምለው ከዚህ ይለያል። የበሽታ መከላከል አቅሙ የጎደለ ልጅ የስፔሻሊስት ሕክምና እዚያው ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይጀምራል፤ የሚጀምረውም ‹ነጌቲቭ ነው› የሚለው ውጤት የጥያቄው መዝጊያ መሆኑ ቀርቶ መክፈቻ ሲሆን ነው። ከልጁ ቀድመው መጓዝ ያለባቸው ወረቀቱና የደም ናሙናው ናቸው። ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ክርክሮች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም።

ኤች አይ ቪ ቀድሞ መመርመሩ ተገቢ ነው። በአገራችን የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ልጅ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ‹14 ዓመቱ ነው፤ ከእናቱ ይዞት ቢሆን ኖሮ እስከዛሬ አይቆይም ነበር› የሚለው ግምት ስሕተት መሆኑም ከታወቀ ቆይቷል። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ የተደረጉ ጥናቶች፣ ሲወለዱ በቫይረሱ ተይዘው ያለ ሕክምና ጉርምስና ላይ የደረሱ፣ ቁመታቸው የቀጨጨና ሳንባቸው የተጎዳ ልጆችን አግኝተዋል። የእኛ ልጅ ውጤቱ ፖዘቲቭ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ተጠርጎ ይጠብቀው ነበር። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ብዙ ነገር ተገንብቷል፦ የማይጠፋ ካርድ፣ የቀጠሮ መዝገብ፣ ከቀጠሮ የቀረውን ደውሎ የሚፈልግ ሰው፣ ኢንፌክሽን ለመከላከል የሚሰጥ ኮትሪሞክሳዞል፣ ናሙና ከጤና ጣቢያ ተነስቶ የክልል ላቦራቶሪ የሚደርስበት መስመር። ነጌቲቭ የሆነው ልጅ ግን ተመስገን ተብሎ፣ አሞክሳሲሊን ተጽፎለት ይሸኛል። ምስጋናው አይከፋም። ሳንባው ግን በዓመት ሁለት ጊዜ መታመሙን አልተወም።

ከኤች አይ ቪ ውጭ የመከላከል አቅም የሚጎድልበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዳንዱ በኋላ የሚመጣ ነው፦ የምግብ እጥረት፣ ፕሮቲን በሽንት የሚያስወጣ የኩላሊት ሕመም፣ የደም ካንሰር፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ። ሌላው ከዘር ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1952 ኦግደን ብሩተን የተባለ የአሜሪካ ጦር የሕፃናት ሐኪም፣ ዋሽንግተን በነበረው ዋልተር ሪድ ሆስፒታል ስላከመው የ8 ዓመት ልጅ ጻፈ። ልጁ በአራት ዓመት ውስጥ 19 ጊዜ በጽኑ ኢንፌክሽን ታሞ ነበር። ብሩተን ደሙን በጊዜው አዲስ በነበረ የፕሮቲን መለያ መሣሪያ ሲያስመረምር፣ አንቲቦዲ የሚገኝበት ጋማ ግሎቡሊን የሚባለው ክፍል የለም። ከሌሎች ሰዎች ደም የተለየውን ጋማ ግሎቡሊን በየወሩ ከቆዳው ሥር ሲወጋው ልጁ ጤና አገኘ። ይህ ታሪክ ሲነገር መሣሪያው ይጎላል። እኔን የሚገርመኝ ግን 19 የምትለዋ ቁጥር ናት፤ የቆጠረ ሰው ነበረ ማለት ነው። የእኛ ልጅ ካርዱ ጠፍቶ አዲስ ካርድ በወጣለት ቁጥር ሕመሙ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። አምስተኛው የሳንባ ምች ለተረኛው ሐኪም የመጀመሪያው ነው፤ ለመጀመሪያው ደግሞ አሞክሳሲሊን ትክክለኛ መልስ ነው።

ከብሩተን ወዲህ በተቆጠረው ስድሳና ሰባ ዓመት ውስጥ ዝርዝሩ ረዝሟል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዓለም አቀፍ ምደባ 485 ያህል የዘር ችግሮችን ይዟል። የዞን ሆስፒታል ሐኪም ይህን ሁሉ በቃሉ እንዲይዝ የሚጠብቅበት የለም። የሚበቃው ጥርጣሬ ነው፤ ለጥርጣሬውም ጄፍሪ ሞዴል የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ያሰራጫቸው ቀላል ምልክቶች አሉ፦ በዓመት አራትና ከዚያ በላይ የጆሮ ኢንፌክሽን፣ በዓመት ሁለትና ከዚያ በላይ የሳንባ ምች፣ ሁለት ወር አንቲባዮቲክ ተወስዶ አለመሻል፣ በቆዳ ወይም በውስጥ አካል እየተመላለሰ የሚቋጥር መግል፣ የልጅ አለማደግ፣ በቤተሰብ ተመሳሳይ ታሪክ። ከእነዚህ ሁለቱ የተገኙበት ልጅ ይመርመር ይላሉ። በልጃችን ፌስታልና ቁመት ላይ ሁለቱ ይነበባሉ።

ደብረ ታቦር ላይ ምን ይሠራለታል? መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ማየት። ብሩተን በገለጸውና በስሙ በሚጠራው በሽታ የተያዘ ልጅ ቶንሲሉ ኢምንት ነው ወይም ጭራሽ የለም፤ አንገቱና ብብቱ ሥርም የሚዳሰስ ዕጢ አይገኝም። ጆሮውና ጉሮሮው ሁሌ የሚመረቅዝ ልጅ ቶንሲል ሲያጣ ሊያስደነግጥ ይገባል። በእኛ ደጋ ግን አንድ ጥያቄ ይጨመራል፤ እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ የቆየ ልማድ ስለሆነ በሕፃንነቱ ተነክቶ እንደሆነ እናትየዋ ትጠየቃለች። ቀጥሎ ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴሎች ቆጠራ። ይህ ምርመራ ለልጁ ብዙ ጊዜ ተሠርቶለት ይሆናል፤ ዓይን የሚያርፈው ግን ሄሞግሎቢኑ ላይ ስለሆነ፣ ሊምፎሳይት የሚለው መስመር ለዓመታት ዝቅ ብሎ ተጽፎ ሳይነበብ ሊቀር ይችላል። ከዚያ አጠቃላይ ፕሮቲንና አልቡሚን። ከመጀመሪያው ሁለተኛው ሲቀነስ የሚተርፈው ግሎቡሊን ነው፤ አንቲቦዲ ያለውም እዚያ ውስጥ ነው፤ ትራፊው በጣም ካነሰ መጠርጠር ነው። የኬሚስትሪ ማሽን ያለው ላቦራቶሪ ሁለቱን ቁጥሮች ያወጣል፤ ቀንሶ የሚያይ ሲጠፋ ነው ነገሩ የሚያመልጠው።

እኔን ደስ የሚለኝ ግን ከሁሉም የሚረክሰው ምርመራ ነው። የደም ዓይነቱ ኦ የሆነ ሰው በሰረሙ፣ ማለትም ሴሎቹ በተለዩት የደሙ ፈሳሽ ውስጥ፣ የኤ እና የቢ ደም ሴሎችን የሚያጠቁ አንቲቦዲዎች አሉት፤ ማንም ሳይከትበው ሰውነቱ ራሱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያዘጋጃቸዋል። እንግዲህ የልጁን ሰረም ጠብታ ከኤ ቀይ የደም ሴል ጋር፣ ሌላውን ጠብታ ከቢ ጋር ማገናኘት ነው። ሴሎቹ ተያይዘው ቅንጣት ቅንጣት ከሠሩ አንቲቦዲው አለ። ስላይዱ ላይ እንደተበተኑ፣ ወጥ ቀይ ሆነው ከቀሩ አንድ ነገር ጎድሏል። የደም ዓይነቱ ኤ ለሆነ ከቢ፣ ቢ ለሆነም ከኤ ጋር ይታያል፤ ኤቢ ለሆነ ሰው ብቻ አይጠቅምም። የመጨረሻ ማረጋገጫ አይደለም፤ የኢሚኖግሎቡሊን፣ ማለትም የአንቲቦዲው፣ መጠን በቁጥር መለካት ይቀራል። ሆኖም ደም የሚመድብ ላቦራቶሪ ሁሉ ዛሬውኑ ሊሠራው ይችላል።

ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር የሚከፈለውን ዋጋ ደቡብ ጎንደር ራሱ ያውቀዋል። ከሃያ ዓመት በፊት በሊቦ ከምከም ወረዳ ብዙ ሰው ትኩሳቱ አልለቅ እያለው፣ እየከሳ፣ ሆዱ እያበጠ ይሞት ነበር። ወባ ነው ተባለ። የወባ መድኃኒት ሳይሠራ ሲቀር ደግሞ መድኃኒቱን የተላመደ ወባ ነው ተባለ። ካላዛር መሆኑ የተረጋገጠው በ1997 ዓ.ም. ነው። በሽታው በመተማና በሑመራ ቆላ ይታወቅ እንጂ እዚህ የሚጠብቀው አልነበረም። ከዚያ በኋላ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በአዲስ ዘመን ሕክምና ጀመረ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከ2,000 በላይ ሰዎች ታከሙ። እዚያ የጎደለው ውስብስብ መሣሪያ አልነበረም። ‹መድኃኒቱ ለምን አልሠራም?› የሚለው ጥያቄ በሌላ መድኃኒት ስለተሸፈነ ነው ጊዜው የሄደው። ካላዛር ራሱ የመከላከል አቅምን ያዳክማል፤ የልጁ ጣፊያ ካበጠ እሱም፣ ከሳለና ከከሳም ቲቢ፣ ከዘር ችግሩ በፊት መመርመር አለባቸው።

አንድ ሌላ ምርመራ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የቤተሰብን ታሪክ መጠየቅ ነው። በሰሜን አፍሪካ እነዚህ የዘር ችግሮች በብዛት የሚገኙበት አንዱ ምክንያት የቅርብ ዘመዳሞች ጋብቻ ነው፤ ከእናትም ከአባትም ጉድለቱን የወረሰ ልጅ ይታመማል። በጎንደር ደጋ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም፤ ልማዱ ለዚህ ዓይነቱ በሽታ ጥሩ አጥር ነው። የብሩተን በሽታን ግን አያግደውም። እሱ በእናት በኩል ይተላለፋል፤ እናት ጤነኛ ሆና ወንዶች ልጆቿ ይታመማሉ። ስለዚህ እዚህ አካባቢ ትልቁ ጥያቄ ‹አባትና እናት ይዛመዳሉ?› የሚለው አይደለም። ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቴ፣ ከእርስዎ ወንድሞች በሕፃንነታቸው የሞቱ አሉ?» ይበላት። «ሁለት ነበሩ፤ ብርድ መቷቸው ነው ይባላል» ካለች፣ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ካርዱ ላይ መስፈር አለባት። ሦስት ደቂቃ ብቻ የተመደበለት ሐኪም እንዴት ይህን ይጠይቃል የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። ግን አራት ዓመት ሙሉ ሦስት ሦስት ደቂቃ ተሰጥቶታል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያው ‹በሽታው ብርቅ ነው፤ ወባ፣ ቲቢና የምግብ እጥረት ባለበት አገር ለአንድ ለሁለት ልጅ ማሰብ ቅንጦት ነው› ይላል። እያንዳንዱ ዓይነት ብርቅ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ያልተመረመረ ነገር ብርቅነቱ በምን ይታወቃል? የአፍሪካ የበሽታ መከላከል ጉድለት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 በሞሮኮ ሲመሠረት መነሻው ይኸው ነበር፤ ልጆቹ እየኖሩ፣ አብዛኞቹም እየሞቱ፣ መዝገብ ላይ ግን የሉም። ከዚያም በላይ ሲቢሲና የፕሮቲን ምርመራው ለብርቅ በሽታ ብቻ የሚሠሩ አይደሉም፤ ቲቢውን፣ ካላዛሩን፣ ኩላሊቱንና የደም ካንሰሩንም ለመጠርጠር ይረዳሉ። አንድ የሕዝብ ጤና ጉዳይም አለ። አንቲቦዲ የማይሠራ ሰው በአፍ የሚሰጠውን የፖሊዮ ክትባት ቫይረስ ለረጅም ጊዜ ከሰውነቱ ሊያስወጣ ይችላል፤ በእንግሊዝ አንድ ሰው ለ28 ዓመታት ሲያስወጣ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ከክትባት የመነጨ ፖሊዮ ደጋግሞ የታየበት አገር ይህን ችላ ማለት አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ‹ቢታወቅስ? መድኃኒቱ የለም።› ብሩተን ለልጁ የወጋው ዓይነት ኢሚኖግሎቡሊን በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ቢሆንም፣ ከሺህ በላይ ሰዎች ከለገሱት ፕላዝማ ተጣርቶ የሚሠራና ከውጭ የሚገባ ነው። መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.4 ግራም ያህል በየሦስትና አራት ሳምንቱ ነው ብንል፣ 30 ኪሎ ለሚመዝነው ልጃችን በየጊዜው 12 ግራም፣ ያውም ዕድሜ ልኩን ያስፈልገዋል። የላይ ጋይንት ገበሬ ቤተሰብ ይህን ከኪሱ አይችልም፤ አገሪቱም ዛሬ ለሁሉም አታቀርብም። ይህን አልክድም። ግን ሕክምናው ይህ ብቻ አይደለም። ኮትሪሞክሳዞል በኤች አይ ቪ ክፍል መደርደሪያ ላይ ያለው ያው ርካሽ መድኃኒት ነው፤ ለብዙዎቹ የዘር ችግሮችም መከላከያ ሆኖ ያገለግላል። ትኩሳት ሲጀምር በዚያው ቀን ሕክምና ማግኘት፣ አክታን የማውጣት ልምምድ፣ የተፈላ ውኃ፣ ሕያው ተዋሲያን ያላቸውን ክትባቶች መከልከል፣ ቤተሰቡን በሌሎቹ ክትባቶች ማስከተብ፤ እነዚህ ሳንባው ፈርሶ የማይመለስበት ደረጃ ላይ የሚደርስበትን ጊዜ ያዘገያሉ። መድኃኒት የሚገዛው ደግሞ በዝርዝር ነው። ስማቸው ያልተመዘገበ ልጆች የሚያስፈልጋቸውን መድኃኒት በጀት ውስጥ የሚያስገባ ማነው?

‹ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ ይሂድ› የሚለው ሦስተኛው ነው፤ እኔ አጥብቄ የምቃወመውም እሱን ነው። ልጁ ለዘለዓለም አይሂድ እያልኩ አይደለም፤ ባዶ እጁን አይሂድ ነው የምለው። ሪፈር ወረቀት ላይ ‹ለተሻለ ሕክምና› የምትል አንዲት መስመር ተጽፋ 650 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ልጅ፣ እዚያ ሲደርስ ከሲቢሲ ይጀመርለታል። መኝታ፣ ትራንስፖርት፣ የአስታማሚ ምግብ፤ ሁለተኛው ቀጠሮ ሳይደርስ ገንዘቡ ያልቃል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ሙከራው ሲጀመር ከተመረጡት ጥቂት ወረዳዎች አንዷ የደቡብ ጎንደሯ ፎገራ ነበረች። መድኑ የሚሠራው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ደረጃውን ጠብቆ ለተጻፈ ሪፈር ነው፤ የአልጋ ኪራይና የአውቶቡስ ዋጋ አይከፍልም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ግጭት የተነሳ መንገድ የሚዘጋበት ቀን በርካታ ነው፤ ደብረ ታቦርን ከወረታና ከባሕር ዳር የሚያገናኘው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እንኳ ለታማሚ ዋስትና የለውም። ናሙና ግን ከሰው ይልቅ በቀላሉ ይጓዛል። ኤች አይ ቪ ካለባቸው እናቶች የተወለዱ ሕፃናት ደም በወረቀት ላይ ደርቆ፣ በፖስታ ጭምር ላቦራቶሪ ሲደርስ ኖሯል። የአዲስ አበባ የግል ላቦራቶሪዎችም እዚህ የማይሠራውን ምርመራ ወደ ውጭ ይልካሉ። ደብረ ታቦር ያለው የሕፃናት ሐኪም ሦስት ገጽ የሕመም ታሪክ፣ አምስት ውጤትና አንድ የኤክስሬይ ፎቶ በስልክ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ላለው የሥራ ባልደረባው ቢልክ፣ ልጁ አልጋው ላይ እንዳለ ስፔሻሊስት አየው ማለት ነው።

አራተኛውን ተቃውሞ የሚያነሱት ቤተሰቦች ናቸው፤ ትክክልም ናቸው። ልጁ ክትትሉን በኤች አይ ቪ ክፍል ያድርግ ቢባል፣ በዚያ በር ላይ የታየ ልጅ በሰፈሩ ምን እንደሚባል ይታወቃል፤ 14 ዓመት ደግሞ ሰው ምን አለኝ የሚባልበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ ክፍሉን ሳይሆን አሠራሩን መውሰድ ነው፦ ካርዱን፣ የቀጠሮ መዝገቡን፣ ደውሎ የሚፈልገውን ሰው። ስኳርና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ክትትል ከሚያደርጉበት ክፍል ጋር ቢቀመጥ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ጉዳዩ የዕድሜም ነው። በዚህ ዕድሜ ልጁ ከሕፃናት ክፍል ወደ አዋቂዎች ይዛወራል፤ አራት ዓመት ሲያየው የኖረ ሐኪም ቢኖር እንኳ ታሪኩ እዚያው በር ላይ ይቀራል። ጠበልስ? ቤተሰቡ ወደዚያ መሄዱ የሚያጣላ ነገር አይደለም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል፤ ለኮትሪሞክሳዞልም ያው ነው። ሐኪሙ ጠበል ሄዳችኋል ብሎ ከተቆጣ የሚያጣው እናትየዋን ነው።

ጊዜው ለዚህ አይመችም የሚል ሊኖር ይችላል። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታ ሲቋረጥ፣ በዚያ ገንዘብ ይቀጠሩ የነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ኮንትራት ተቋርጧል፤ ብዙዎቹም ያመሰገንኩትን የክትትል አሠራር በእጃቸው የያዙ ነበሩ። ያለው እየሳሳ ሌላ ሸክም መጨመር ይመስላል። እኔ ግን በተቃራኒው አየዋለሁ። በአንድ በሽታና በአንድ ለጋሽ ላይ የቆመ መዝገብ ለጋሹ ሲሄድ ይወድቃል፤ ሥር የሰደደ ሕመም ላለበት ልጅ ሁሉ የሚያገለግል መዝገብ የሆስፒታሉ ንብረት ይሆናል፤ በሆስፒታሉ በጀትም መያዝ ይችላል።

የልጃችን እናት ነፍሰ ጡር ብትሆንስ? የሚወለደው ወንድ ቢሆን፣ በሽታውም ከእናት የወረደ የብሩተን ቢሆን፣ ሕፃኑ የመያዝ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው። በአገራችን ሕፃን እንደተወለደ ቢሲጂ ይወጋል፣ የፖሊዮ ጠብታም ይሰጠዋል፤ ሁለቱም ሕያው ተዋሲያን ናቸው። ለሌላው ሕፃን ሁሉ ክትባቱ ሕይወት አዳኝ ነው፤ አንድ ቀንም መዘግየት የለበትም። የዚህ ቤት ሕፃን ግን ደሙ ታይቶ የመከላከል አቅሙ እስኪለይ ሁለቱ ይቆዩለታል፤ ፖሊዮውንም በመርፌ በሚሰጠው መተካት ይቻላል። ይህን ማወቅ ያለባት አዲስ አበባ ያለችው ስፔሻሊስት ብቻ አይደለችም። ቤቱን የምታውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት፤ የእናትየዋ የእርግዝና ክትትል ካርድ ላይ ከመውለጃ ቀኗ በፊት ሁለት መስመር የሚጽፍላት ሰው ያስፈልጋል።